ለክርስትናው ያመጣሁት ሰበብ

ሰኞ

ዋሸሁ። ያውም በወር አበባ።

ሰናይት ስትደውል አያት ሰፈር ቤቴ ቁጭ ብዬ የዘጠነኛ ክፍል ፈተና እያረምኩ ነበር። «እሑድ ሰማንያ ቀኗ ነው እኮ፣ የሐበሻ ቀሚስሽን አዘጋጀሽ?» አለችኝ። ልጇን ክርስትና የማነሳው እኔ ነኝ። ገና ምጥ ላይ ሆና እጄን ጨምድዳ ይዛ፣ «ሴት ከሆነች የክርስትና እናቷ አንቺ ነሽ» ስትለኝ እሺ ብያታለሁ። በዚያ ሰዓት ማን እምቢ ይላል?

«ሰናይትዬ፣ እሑድ ቤተ ክርስቲያን መግባት አልችልም» አልኳት።

«ምነው?»

«ያው፣ ዛሬ መጣብኝ። የእኔ ደግሞ ቶሎ አይለቅም።»

ምንም አልመጣብኝም። ሴት ልጅ ይህን ካለች ማንም ከዚያ በላይ አይጠይቅም። ያንን ስለማውቅ ነው ያልኩት።

እዚህ እንኳ እውነቱን ልጻፍ። ክርስትና አንሺዋ ሕፃኗን ታቅፋ ወደ ምዕራብ ዞራ በልጅቷ ፈንታ ሰይጣንን ትክዳለች፤ ከዚያ ወደ ምሥራቅ ዞራ አምናለሁ ትላለች። ይህን ማለት አልችልም። እማዬ ከሞተች ወዲህ ልቤ ደርቋል። እንጦጦ ጸበል ስናመላልሳት፣ ሱባኤ ስገባ፣ እንደምትድን ቅንጣት አልተጠራጠርኩም ነበር። አልዳነችም። አሁንም በየጠዋቱ ዳዊት እደግማለሁ፤ የሰኞውን ሰኞ፣ የማክሰኞውን ማክሰኞ። ከከንፈሬ ግን አያልፍም። ነጠላዬን አጣፍቼ ሳስቀድስ የሚያየኝ ሁሉ ደህና ክርስቲያን እመስለዋለሁ።

ማክሰኞ

ሰናይት መልሳ ደወለች። ትቆጣኛለች ብዬ ስጠብቅ ታጽናናኛለች። «አይዞሽ፣ ይገባኛል። እኔስ ከወለድኩ ጀምሮ ቅጥር ውስጥ አልገባሁም አይደል? ቤታችን ከየካ ሚካኤል አፍንጫ ሥር ሆኖ ቅዳሴውን ከአልጋዬ ላይ ነው የምሰማው።»

ከዚያ የባሰውን አመጣችው። «ክርስትናው ለሚቀጥለው እሑድ ይሁን። አንቺን እንጠብቃለን።»

«ሌላ ሰው ፈልጊ፣ የባልሽ እህት አለች» አልኳት።

«አንቺ ነሽ አልኩ እኮ!» ብላ ዘጋችው።

በእኔ ውሸት እናትም ልጅም አንድ ሳምንት ከደጅ ሊቆሙ ነው። ዛሬ ክፍል ውስጥ ስለ ሴል ክፍፍል ሳስተምር ሁለት ጊዜ ተሳሳትኩ። ተማሪዎቹ ሳቁብኝ። ይበለኝ።

ረቡዕ

የረቡዕን ዳዊት ዛሬም እንደልማዴ እያበረርኩ ነበር። የአሳፍ መዝሙር ላይ ስደርስ አንደበቴ ተያዘ። ስንት ጊዜ ደግሜዋለሁ፣ አንድም ቀን አልሰማሁትም። ሰውዬው እግሬ ሊሰናከል ትንሽ ቀረኝ ይላል። ልቤን በከንቱ ነው ያነጻሁት ይላል! መዝሙረኛው ነው እንዲህ የሚለው። እኔ ለማንም መናገር የፈራሁትን እሱ በዜማ ይለዋል፣ ቤተ ክርስቲያንም ስንት ዘመን ሙሉ በየሳምንቱ ስትለው ኖራለች።

ደስ አለኝ። እውነት ደስ አለኝ፤ ሻዬ እስኪቀዘቅዝ ቁጭ ብዬ ቀረሁ።

ቀጥሎ ያለው ግን ወጋኝ። እንዲህ ብዬ ተናግሬ ቢሆን የልጆችህን ትውልድ በከዳሁ ነበር ይላል። ነገሩን ላስተውለው ብል አድካሚ ሆነብኝ፣ ወደ መቅደስህ እስክገባ ድረስ።

መቅደስ። እኔ ደግሞ በገዛ አፌ በሩን ዘግቼዋለሁ።

ሐሙስ

ከሥራ ስወጣ ወደ የካ ሄድኩ። ሰናይትን ከማየቴ በፊት ሚካኤል ገብቼ ትንሽ ልቆም አስቤ ነበር። በሩ ላይ ስደርስ ማንን ባይ ጥሩ ነው? የሰናይት አማት እትዬ አስካለ ከቅጥሩ ሲወጡ! አንድ እግሬን አንስቼ ነበር፣ መለስኩት። በሩን ተሳልሜ ከውጭ ቆምኩ።

«አንቺ ነሽ? መቼስ ምን ታደርጊዋለሽ፣ የተፈጥሮ ነገር ነው» አሉኝ። ፊታቸው ግን ጠቁሯል።

አብረን ወደ ቤት ገባን። ልጅቷ ጉንፋን ይዟት ታስላለች። ትንሽ ናት፣ ስታስል መላ ሰውነቷ ይንቀጠቀጣል። እትዬ አስካለ ሰናይት ላይ ጮኹባት። «ሰማንያዋ እያለፈ ሕፃን ይዞ መቀመጥ ምን ማለት ነው? አንድ ነገር ብትሆን ሳትጠመቅ ልትቀር ነው? ልጄ ታንሳት ብያለሁ!» ሰናይት አለቀሰች፤ እያለቀሰችም እሷን ነው የምፈልገው ትላለች። እሷ የምትለው እኔን ነው። እኔ አጠገባቸው ቁጭ ብዬ የሕፃኗን ካልሲ አጣጥፋለሁ። አንድ ቃል ብናገር ይበቃ ነበር። አልተናገርኩም።

ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

ዓርብ

ከሰዓት ክፍል አልነበረኝም። በሽሮ ሜዳ በኩል ታክሲ ይዤ እንጦጦ ወጣሁ። የንስሐ አባቴ አባ ተክሌ ከራጉኤል ዝቅ ብሎ ነው ቤታቸው። አጥር ሲያጥሩ ደረስኩ። የባሕር ዛፉን እንጨት እንድይዝላቸው ሰጡኝና «በይ፣ እያቀበልሽ ንገሪኝ» አሉ።

ሁሉንም ነገርኳቸው። እማዬን፣ ድርቀቴን፣ ውሸቴን። ይደነግጣሉ ብዬ ነበር። እሳቸው ሚስማር ይመታሉ።

«አባ፣ ከዳሁ ማለት ነው?»

«የከዳ ሰው በጾም ቀን እዚህ ድረስ ዳገት ወጥቶ አጥር ያጥራል?»

«ታዲያ ሳላምን እንዴት አምናለሁ እላለሁ?»

ሚስማሩን መትተው ጨረሱ። ከዚያ፣ «እናትሽ ስትሞት እኔም ከእግዚአብሔር ጋር ተጣልቼ ነበር» አሉ። «ቅዳሴ ግን አላስታጎልኩም። እምነት ሲሞላልሽ ብቻ የምትቆሚበት አይደለም። ጥርጣሬሽን ለእሱ ንገሪው፣ ከዳዊት ጀምሮ ስንቱን ሲሰማ ኖሯል። ውሸቱን ግን ለእኔ ነግረሽ አትገላገይም። እሱ የሰናይት ነው።»

«ትጠላኛለች።»

«ልትጠላሽ ትችላለች» አሉና ሌላ እንጨት እንዳቀብላቸው እጃቸውን ዘረጉ።

ቅዳሜ

ነገርኳት። ልጅቷን እያጠባች ነበር። እንዳልመጣብኝ፣ ፈርቼ እንደዋሸሁ፣ ለምን እንደፈራሁ።

ሕፃኗን ወደ ሌላኛው ጡቷ አዛወረች። ስትናገር ድምፅዋ ቀዝቅዟል። «ይኸን ሁሉ ቀን ከአማቴ ጋር የተናነቅኩት በአንቺ ውሸት ነው?»

«አዎ።»

«እምነቱን ተይው። እኔ በእናትሽ ሞት ያልተጠራጠርኩ ይመስልሻል? ለምን አልነገርሽኝም? እኔ ማንሽ ነኝ?»

ይቅርታ አልኳት፣ ደጋግሜ። አይዞሽ አላለችም፤ በሩን እስክዘጋ ድረስ ፊቷን ወደ ሕፃኗ እንዳዞረች ነበር። ሚኒባስ ውስጥ እስከ አያት አለቀስኩ፣ ረዳቱ ሒሳብ ለመጠየቅ ፈራኝ።

ወደ ማታ ቴክስት ላከች። «ክርስትናው በቀኑ ይሁን፣ ነገ ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት። እንዳታረፍጂ።» ሌላ ምንም የለውም።

እሑድ

ጎህ ሳይቀድ ደረስኩ። እትዬ አስካለ ሲያዩኝ ዓይናቸውን ጠበብ አድርገው ሰናይትን አዩ። «ስሕተት ነበር፣ እኔ ነኝ ቀኑን አሳስቼ የነገርኩዎት» አለች ሰናይት። ለእኔ ብላ ዋሸች። ከዚያ ሁሉ በላይ ይህ አሳፈረኝ። «አይደለም እትዬ፣ እኔ ነኝ የዋሸሁት። ይቅር ይበሉኝ» አልኳቸው። አፈጠጡብኝ። «ይቅር ይበልሽ። ግቢ አሁን፣ ልጅቷን ብርድ እንዳይመታት» አሉ።

ሰናይት ከእኔ ቀድማ ገባች። ደጁን ስታልፍ መሬቱን ሳመች፣ ቶሎም አልተነሳችም።

ሕፃኗን ታቀፍኩ። ወደ ምዕራብ ዞርኩ፣ ካህኑ ያሉትን ተከትዬ አልኩ። ወደ ምሥራቅ ዞርኩ። አምናለሁ የሚለው ጋ ስደርስ የሕፃኗን ፊት እያየሁ ቀረሁ። ካህኑ ቀና ብለው አዩኝ፣ «በይ እንጂ» አሉ በለሆሳስ። ልጅቷ አሳለች። ጠበቅ አድርጌ ያዝኳትና አልኩት። ድምፄ ተሰባብሮ ነው የወጣው፣ ግን ውሸት እየተናገርኩ እንደሆነ አልተሰማኝም። ምን እንደሆነ አላውቅም። ውሸት ግን አልነበረም።

ወለተ ሚካኤል ተባለች። ቆርባ ማዕተቧን አድርጋ እጄ ላይ እንቅልፏን ለጠጠችው።

ሰናይት ዛሬም እንደ ድሮዋ አልሆነችም። ድግሱ ላይ ሁለቴ ብቻ ነው ያናገረችኝ። ስሰናበታት «ደህና ግቢ፣ አበልጄ» አለችኝ፤ እስከ ዛሬ ብላኝ የማታውቀውን። ሳትስቅ ነው ያለችው። በደሌን ረስታዋለች ማለት አይደለም። እንድትረሳውም አልጠይቃትም።

ነገ ልቤ ተመልሶ ይደርቅ እንደሆነ አላውቅም። አመሻሽ ላይ ነጠላዬን ሳጣጥፍ የልጅቷ ሳል ትዝ አለኝ። ወለተ ሚካኤልን ማርልኝ፣ ደረቷን አሙቅላት፣ እናቷንም ከእኔ ጋር አስታርቅልኝ አልኩ። ከጨረስኩ በኋላ ነው እየጸለይኩ እንደነበር ያወቅኩት።