ጣቴን ያልተቀበለው ላፕቶፕ

ይድረስ ለልጄ ልጅ፣ ሪያድ ላለሽው፤

ስሚ! የሰማሽ ላልሰማ አሰሚ! ስድሳ ዓመት እርፍ የጨበጠው የቀኝ እጄ አመልካች ጣት፣ በደብረ ታቦር ከተማ፣ በአንድ የኮምፒዩተር ሱቅ ውስጥ፣ ምስክሮች በቆሙበት፣ ከሰው ጣት ቁጥር መሰረዙን በታላቅ ኀዘን አስታውቃለሁ። ቀብር የለም፤ ጣቱ ሽሮ ለመጥቀስ አሁንም ያገለግላል።

አዋጁ ይኸው ነው። አሁን ወደ ሰላምታው ልመለስ። እንዴት ከርመሻል? ጤናሽ እንዴት ነው? ያ ደረጃ መወልወሉ ያመጣብሽ የወገብ ሕመም ለቀቀሽ? እመቤቲቱስ ቁጭ ብለሽ እንድትበዪ ትፈቅድልሻለች? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን አለሁ። ገብሱን ውርጭ መታው፣ ላሚቱ ግን ወልዳለች፤ ጥጃው ያንቺን ያህል ይጮኻል። እጄ ስለሚንቀጠቀጥ የማስጽፈው ጎረቤታችንን ትርንጎን ነው፤ ያችን ቤይሩት አምስት ዓመት ኖራ የተመለሰችዋን። ክፉ ብናገርባት እንደማትጽፈው ዝታብኛለች፤ ስለዚህ ቆንጆ ናት፣ ባሏንም ተቆጥታው አታውቅም።

ወደ ላፕቶፑ። «የስልኩ መስታወት ለዓይንዎ ጠበበ፤ ኮንትራቴ ሊያልቅ ገና ሁለት ዓመት ይቀረዋል፤ አሮጌም ቢሆን ላፕቶፕ ይግዙና በሰፊው ፊቴን ይዩት» ብለሽ ከደመወዝሽ በላክሽልኝ ጊዜ፣ ዓይኔ ሁለት ዓመት እንደማይጠብቅሽ አንቺም እንዳወቅሽው ገባኝ። ትርንጎን ይዤ ሄድሁ።

ባለሱቁ ይሻው ይባላል። ዕቃው አሮጌ ነው፤ ጥግ ጥጉ ተፍቋል፣ ሁለት ሦስት ቁልፎቹ እንደኔ ጥርስ ወልቀዋል። ይሻው ግን ልጁን እንደሚድር አባት ያሞግሰዋል። «አባባ፣ ይኸ እኮ በጣት የሚታዘዝ ነው፤ መንካት ብቻ ነው» አለኝ። ትርንጎ ባትሪው ስንት ሰዓት እንደሚቆይ ጠየቀችው። «ሶኬት ላይ ከተሰካ ቀኑን ሙሉ» አላት። መብራት ሲጠፋስ ብትለው፣ «ያን ጊዜማ ሁላችንም ጨለማ ነን፤ ምን አድርግ ትዪዋለሽ?» አለ። በዚህች ንግግሩ ሰውዬውን ወደድሁት። ላፕቶፑ ከእንቅልፉ እስኪነሣ ድረስ አቡነ ዘበሰማያትን ሦስት ጊዜ ደገምሁ፤ ለሱም ለኔም።

ከዚያ ይንኩት ተባልሁ። ነካሁት። ዝም። ጠበቅ አድርጌ ነካሁት። ዝም። ትርንጎ ስትነካው እሺ ይላል፣ ይሻው ሲነካው እሺ ይላል፤ እኔ ስነካው እንደ ቢሮ ጸሐፊ ቀና ብሎም አያየኝም። ዳዊቴን ስገልጥ እንደለመድሁት ጣቴን በምራቄ አርሼ ብነካው አራት ነገር ባንድ ጊዜ ከፈተና ይሻውን አስጮኸው። «አባባ፣ ቆዳዎ ደርቆ ነው እንጂ፤ ለመስታወቱ ጣትዎ እንጨት መስሎታል» አለኝ። እንጨት! ትርንጎ ሳቋን በነጠላዋ ጫፍ ያዘችው። አሁንም እየጻፈች ትስቃለች።

እኔ ግን እልኸኛ ነኝ። ጣቴን ላለሰልስ ብዬ ወንዛዬ ወረድሁ። አትሳቂ። አምስት ቀን ከፍል ውሃው ተነከርሁ። እዚያ ያገኘኋቸው ሴቶች ምን አመመዎ ሲሉኝ «ጣቴ ደንቁሮብኝ ነው» አልኋቸው፤ አንዷ የዋህ ከልቧ አዝና «ይማርዎ አባቴ» አለችኝ። መቼም ከወረድሁ ብዬ ፊቴንም ደጋግሜ ታጠብሁበት፤ ውሃ እንደሁ ለሁሉም ይበቃል። ማታ ማታ ቅቤ ቀባሁት፤ ጣቱን ማለቴ ነው።

ተመልሰን ይሻው ዘንድ ገባን። ትርንጎ የላክሽላትን ፎቶ ከስልኳ ወደ ላፕቶፑ አሻገረችው። ጣቴን ሳኖርበት ታዘዘ! ይሻው አጨበጨበ፤ ደጅ የቆመ ሰው ሁሉ ሎተሪ የወጣልኝ መስሎት ገባ። ፊትሽ መስታወቱን ሞላው። ደህና ነሽ፣ ትንሽ ከስተሻል። ስትሄጂ ያሰርሁልሽ ማተብም አንገትሽ ላይ አለ፤ አየሁትና ደስ አለኝ። ይሻው «እንግዲህ ይጠቅለልልዎት» አለ።

አይጠቅለል አልሁት።

ምክንያቱን አትጠይቂኝ ማለት አልችልም፣ ትጠይቂያለሽ። መብራቱ እንግዳ ነው፤ ሲመጣ አይናገር ሲሄድ አይሰናበት። ኔትዎርኩ እንዳሻው ነው፤ ይኸን ወረቀት እንኳ ትርንጎ ባሕር ዳር ስትወርድ ፎቶ አንስታ ነው የምትልክልሽ። መንገድ ላይ ትርንጎ ተጣላችኝ። «ጣትዎ ድኖልዎት፣ ልጅቱ ለፍታ ልካ፣ አሁን ምን ቀረዎት?» አለችኝ። እኔም በቅሎዬ ደከመች አልኋትና ፈጠን ብዬ ሄድሁ። በቅሎ እንደሌለኝ ታውቂያለሽ፤ እሷም ታውቃለች። የላክሽውን ገንዘብ አልነካሁትም። ለመምጫሽ ይሁንሽ፤ ብትደርሺብኝም ባትደርሺብኝም።

ክፉ እጅ አይንካሽ። የምትወልውዪው ደረጃ አያዳልጥሽ። የምታገለግዪበት ቤት በር፣ መውጣት ባሻሽ ቀን የሚከፈት ይሁን። እንጀራሽን ተቀምጠሽ የምትበዪበትን ቀን ያምጣልሽ። ድምፅሽን ቀድተሽ ለትርንጎ ላኪላት፤ ረዘም አድርጊው፣ ሳልሽንም አታጥፊው።

ከዚህ ሁሉ ውስጥ አንዲት ነገር ፈጥሬአለሁ፤ ለንስሐ አባቴ ከመናገሬ በፊት ላንቺ ልናገር። የጣቱ ነገር እውነት ነው፣ ወንዛዬም እውነት ነው። ማተብሽን አየሁ ያልሁት ግን ውሸት ነው። ከስታለች ያለችኝም ትርንጎ ናት። ፊትሽ መስታወቱን ሲሞላው ለኔ የታየኝ ነጭ ብርሃን ነው፤ ከደጅ ከሚገባው ፀሐይም አልለየሁትም። ያን ጊዜ ወደ ትርንጎ ጠጋ ብዬ፣ ማተቧ አንገቷ ላይ አለ ወይ ብዬ ጠየቅኋት። እሷም ስለ ባትሪው ማውራት ጀመረች።

አሁንም ይኸን ሳስጽፋት ብዕሯ ቆም ቆም ይላል።

አያትሽ