ሹፌሯ እኔ፣ ረዳቱ ደረጀ

ቅዳሜ

ዛሬ ሁለት ባልዲ ጨፈለቅሁ። አንዱ የራሴ፣ አንዱ የእትዬ ፍሬወይኒ። ባሌ ደረጀ የሚሠራበት የግሪስሃይም መጋዘን ቅዳሜ ከሰዓት ባዶ ስለሚሆን፣ ግቢው ውስጥ ባልዲ ደርድረን ቮንቫገን ወደ ኋላ መንዳት ስለማመድ ዋልኩ። መሪውን ወደ ግራ ሳዞር እሱ ወደ ቀኝ ይሄዳል። እልኸኛ ነገር ነው።

ቮንቫገኑ የጋሽ ተኽለ ነው፤ አልጋና ምድጃ ያለው፣ በመኪና የሚጎተት ቤት። እሳቸውና ባለቤታቸው እትዬ ፍሬወይኒ ጡረታ ሲወጡ በራሱ ሞተር የሚሄድ ትልቅ ገዙና አሮጌውን ለእኛ አዋሱን። ነገ ሁለት ቤተሰብ ሆነን ወደ ስፔን፣ ዝናብ ወደማያውቀው ደረቅ አገር እንሄዳለን። ጋሽ ተኽለ ሠላሳ ዓመት ፍራንክፈርት ኖረው ዝናብ ሰልችቷቸዋል።

ችግሩ ምንድን ነው? በእኛ ቤት የጀርመን መንጃ ፈቃድ ያለኝ እኔ ብቻ ነኝ። ለዚያውም በአራተኛው ፈተና የተገኘ፣ ገና ስምንት ወሩ። ደረጀ ደግሞ አገር ቤት አሥራ አንድ ዓመት የጅቡቲን መስመር በተሳቢ የነዳ ሰው ነው። እዚህ ሁለት ጊዜ ተፈትኖ ሁለቴም ወደቀ። ከዚያ ወዲህ መሪ አልነካም። የመንጃ መምህሩ ሦስተኛ ቴርሚን፣ የፈተና ቀጠሮ፣ ይዞለታል፤ ከጉዞ በተመለስን በሁለተኛው ቀን፣ ማክሰኞ። ከቀረ የጽሑፍ ፈተናውም ጊዜ ያልፍበትና ሁሉም እንደገና ከመጀመሪያው ይሆናል። ፈቃዱን ካገኘ ግን አለቃው ከሸክም አውጥቶ ሹፌር ሊያደርገው ቃል ገብቷል። ወገቡ ከእንግዲህ ሸክም አይችልም። ቬስትኤንድ አረጋውያን ቤት ስለምሠራ ያለቀ ወገብ ሳይ አውቃለሁ።

እሱ ግን «አልሄድም» ብሏል። «አሥራ አንድ ዓመት ተሳቢ ነድቼ በልጅ አልፈተንም!»

እሑድ

የጫንነው፦ ሽሮ፣ በርበሬ፣ ዳቦ ቆሎ፣ አራት ብርድ ልብስ፣ የልጄ የሊያ ሦስት ጥንድ ጫማ (ለምን?)፣ አንድ የተረፈ ባልዲ።

አውቶባን፣ ፈጣኑ አውራ ጎዳና፣ ላይ ገና ከመውጣታችን ደረጀ ጀመረ። «ማርሽ ቀንሺ! ፍሬን አትርገጪ! መስመርሽን ያዢ!» አንድ ሰዓት ቻልኩት። ከዚያ ማረፊያ ቦታ ገባሁና ሞተሩን አጥፍቼ ወረድኩ። ሰው ሁሉ እያየን ተጨቃጨቅን። ሊያ ኮፍያዋን ዓይኗ ላይ ደፍታ «ማማ፣ ፓይንሊሽ!» አለች፤ ታሳፍራላችሁ ማለቷ ነው። አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው፤ በዚህ ዕድሜ እኔ ስተነፍስም አሳፍራታለሁ።

ጋሽ ተኽለ ቀስ ብለው መጡ። ሁለታችንንም ሰምተው ሲያበቁ፣ «መኪና ላይ ሹፌር አንድ ነው፤ ሌላው ረዳት ነው። ደረጀ፣ አንተ ረዳት ነህ» አሉት።

«እሺ ጋሼ» አለ። ለሌላ ሰው ቢሆን እሺ አይልም ነበር። ፊቱ ግን ጠቆረ፤ ፈረንሳይ ገብተን ሜትስን አልፈን እስክናድር ድረስ ፊቱን ከመስኮቱ አላዞረም። እኔም ደስ አላለኝም። ዝም በል እንጂ ተዋረድ አላልኩትም።

ሰኞ

ጠዋት ስነሳ ደረጀ ከመኪናው ሥር ነው። ጎማ በእግሩ ይመታል፣ ቮንቫገኑ የተያያዘበትን ጋንቾ ይነቀንቃል፣ መብራት ያያል። ማንም አላዘዘውም። «ጨርሻለሁ፤ መሄድ ትችያለሽ» አለኝ፤ ልክ እንደ ረዳት። ያኮረፈ ረዳት።

የቀኑ ድል፦ አንድ ትራክተር ቀደምኩ። እትዬ ፍሬወይኒ ከኋላችን ሆነው አይተው፣ ምሳ ላይ «ሰብልዬ፣ ትራክተሩ ቆሞ ነበር እንዴ?» አሉኝ። ከአንጀቴ ሳቅሁ።

ረቡዕ

ደረስን። አራት ቀን ነድቼ ደረስን! ማንም አልሞተም።

አገሩ ቢጫ ነው። ዛፍ የለም፤ መንገዱ ቀጥ ብሎ ሄዶ ሄዶ ይጠፋል። ሊያ «እዚህ ምንም የለም እኮ» አለች በጀርመንኛ። ደረጀ ግን ከተቀመጠበት ቀና አለ። መስኮቱን አወረደ። ሙቀቱ ሲገባ ፈገግ ሲል አየሁት፤ ከእሑድ ወዲህ የመጀመሪያው።

«ይኼ ሚሌ ነው» አለ። «ሚሌን አልፈሽ ወደ ጋላፊ ስትወርጂ ልክ እንደዚህ ነው።» ከዚያ ማውራት ጀመረ። መሪ ከመያዙ በፊት ሦስት ዓመት ረዳት ነበር። ከመኪና ሥር ይተኛ ነበር። ሹፌሩ ወደ ኋላ ሲመጣ ድንጋይ ይዞ ከጎማ ኋላ የሚሮጠው እሱ ነበር። አሥራ አምስት ዓመት አብሬው ስኖር ግማሹን እንኳ አልሰማሁም። ሊያ በጀርመንኛ ትጠይቃለች፣ እሱ በአማርኛ ይመልሳል። የጆሮ ማዳመጫዋን መቼ እንዳወለቀች አላየሁም።

ሐሙስ



የስልኬ ካርታ ሐይቅ አሳያችኋለሁ ብሎ ጠባብ የአፈር መንገድ ውስጥ አስገባን። ከፊታችን ጎርፍ መንገዱን በልቶታል። ግራና ቀኝ ጥልቅ ቦይ፤ ማዞር አይታሰብም። ጋሽ ተኽለ ከኋላችን ስለነበሩ ቀድመው ወደ ኋላ ወጡና አስፋልቱ ላይ ቆመው ጠበቁን። ለእኔ ግማሽ ኪሎ ሜትር ያህል ቀረኝ፤ ቤት እየገፋሁ፣ የኋሊት። ሁለት ጊዜ ሞከርኩ። ሁለቴም የቮንቫገኑ ጎማ የቦዩ አፋፍ ላይ ደረሰ።

ወረድኩና «ደሬ፣ ግባና አውጣው። እዚህ ማን ያየናል?» አልኩት። እውነቴን ነበር። ፖሊስ የለ፣ ሰው የለ፣ ሊያም ራቅ ብላ ድንጋይ እየወረወረች ነው።

የከፈትኩለትን በር ይዞ መሪውን አተኩሮ አየው። አልገባም።

«አልችልም» አለ። «በልጅ አልፈተንም ያልኩት ውሸቴን ነው። መሪ ስይዝ ግራ እግሬ ይንቀጠቀጣል። ፍሪሲዮን መያዝ ያቅተኛል። አሥራ አንድ ዓመት ከኋላዬ ጭነት እንጂ ዝም ብሎ የሚጽፍ ሰው ተቀምጦ አያውቅም። አሁን ፈታኙ ባይኖርም ያለ ይመስለኛል።»

አንጀቴን በላው። ትዕቢት መስሎኝ ስንት ወር ስቆጣው የኖርኩት ፍርሃት ኖሯል። «በል እኔ እነዳለሁ፣ አንተ ምራኝ» አልኩት።

በስፖኪዮ የማየው ቦታ ሄዶ ቆመ። የቮንቫገኑን ጎን በእጁ ሁለቴ ቢመታ መምጣት፣ አንዴ ቢመታ መቆም። «ነይ! ነይ! ግራ ቁረጪ! መልሺ! መልሺ! ነይ!» እሑድ አውቶባን ላይ የጮኸብኝ ሰውዬ አይደለም። ይህኛው አያጣድፍም። ስሳሳት አንዴ ይመታል፣ ወደ ፊት ያስኬደኛል፣ እንደገና ያስጀምረኛል። አርባ ደቂቃ ፈጀብን። ላብ ዓይኔ ውስጥ እየገባ፣ በጨርቅ እየጠረግሁ፣ እሱን ብቻ እያየሁ ወጣሁ።

አስፋልቱ ላይ እትዬ ፍሬወይኒ እልል አሉ። ጋሽ ተኽለ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል። የኋሊትም እንደሚሄድ ዛሬ አየን» አሉ። ደረጀ ግንባሬን ሳመኝ፤ ሰው ፊት! ሊያ ፓይንሊሽ አላለችም።

እሑድ

ሐይቁን በሌላ መንገድ አገኘነው። ውሃው ሞቃት ነው። ሁለት ቀን እሱው ውስጥ ነን።

ደስ ያሉኝ ነገሮች፦ ጠዋት ጠዋት ማንም የማይጠራኝ መሆኑ። የጋሽ ተኽለ ቁምጣ። ሊያና አባቷ መኪናውን ሲያጥቡ እሷ ባልዲ ይዛ «ነይ ነይ፣ ቁረጪ» እያለች ስትቀልድብኝ፤ በአማርኛ። ትናንት የሠራሁት ሽሮ፣ ቢያርም። ሰማዩ።

ስለ ማክሰኞው ቴርሚን አላነሳሁም። ሆድ ይፍጀው ብዬ ተውኩት። ከጉዞው በፊት ብነዘንዘው አይቆጨኝም ነበር፤ አሁን ግን የሚያስጨንቀውን አውቄ እንዴት ሂድ እለዋለሁ? ባይሄድስ? ወገቡስ? እነዚህ ሁለት ሐሳቦች ውስጥ ስገባ ተነስቼ ዋና እገባለሁ።

ዓርብ

በመመለስ ላይ ነን። ፈረንሳይ ውስጥ ሊዮን አካባቢ ለማደር ቆመናል።

ዛሬ እየነዳሁ ሳለ ራሱ አነሳው። «አራተኛው ፈተና ላይ ምን አድርገሽ አለፍሽ?»

ሞተሩን ከማስነሳቴ በፊት ለፈታኙ «እፈራለሁ» ማለቴን ነገርኩት። ፈታኙ መነጽሩን አውልቆ ጠረገና «ጊዜ አለን» አለኝ። ከዚያ የማደርገውን ሁሉ ጮክ ብዬ እየተናገርኩ ነዳሁ፤ ስፖኪዮ አየሁ፣ ትከሻዬን ዞሬ አየሁ።

«ትከሻ!» አለ ደረጀ። «የመጀመሪያው ጊዜ በእሱ ነው የጣለኝ። ተሳቢ የሚነዳ ሰው ትከሻውን ዞሮ ምን ያያል? ጭነት ነው። በስፖኪዮ ነው የኖርኩት።»

ቆይቶ፣ መስመር ልቀይር ስል፣ ከጎኔ ድምፅ መጣ። «ስፖኪዮ። ትከሻ።» አንገቱንም አዞረ። ከዚያ በኋላ መስመር በቀየርኩ ቁጥር ያዞራል። ሊያ ከኋላ ሆና ቆጠረችለት፤ ስልሳ ሦስት። ማታ አንገቱ አልዞር ብሎት በቅባት አሸሁለት። ስቆ ስቆ ሞተ።

እሄዳለሁ ግን አላለም። እኔም አልጠየቅሁም።

ማክሰኞ

ጠዋት ቡና እየቀዳሁ ተላጭቶ ወጣ። ነጭ ሸሚዙን ለብሷል።

«ትወስጂኛለሽ?» አለኝ።

ሳላስበው «ወዴት?» አልኩ። ደግነቱ ሳቀ።

አሁን ይህን የምጽፈው መኪና ውስጥ ነው፤ ፈተናው ከሚነሳበት ቦታ ፊት ለፊት። ከሄዱ አርባ ደቂቃ ሆነ። ፈታኟ ሴት ናት፣ ፀጉሯ ሽበት፣ ከኋላ ወንበር ገባች። ከመነሳታቸው በፊት ደረጀ ወደ ኋላ ዞሮ የሆነ ነገር ሲላት አየሁ። ምን እንዳላት አልሰማሁም። መኪናው ወዲያው አልተነሳም፤ ሁለት ደቂቃ ያህል ቆመ። ከዚያ ቀስ ብሎ ወጣ፤ ሞተሩም አልጠፋበትም።

ሃምሳ ደቂቃ። ሊያ ከትምህርት ቤት «ኡንድ?» ብላ ጻፈች፤ እህስ ማለቷ ነው። ገና ነው አልኳት። ቢወድቅ ምን እለዋለሁ? ምንም አልለውም። ሄዷል እኮ።

ሃምሳ አምስት።

*ከሰዓት*

መጡ። ከመኪናው ወረደ። ፈታኟ እጁን ጨበጠችው። ለወደቀም ሰው ይጨበጣል፤ እኔን ሦስት ጊዜ ጨብጠውኛል። መንገዱን ተሻግሮ ወደ እኔ ሲመጣ ፊቱ ላይ ምንም የለም። መጠየቅ ፈራሁ። በሬን ከፈተው።

«ውረጂ» አለኝ። «እኔ ልንዳ።»

ወረድኩ፤ ዞሬ በቀኝ በኩል ገባሁ። ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ፣ ስፖኪዮውን አስተካከለ፣ ቀበቶውን አሰረ። ከዚያ መሪውን እንደያዘ ትንሽ አለቀሰ። ሲጨርስ ፊቱን በሸሚዙ እጅጌ ጠረገና ወደ ቤት ወሰደኝ።