ስለ ላምባው ቃጠሎና ስለ ፀሐዩ ፍሪጅ

ለውድ እህቴ ለእትዬ ወርቄ፤

ጤናዎ እንዴት ነው? ክረምት ሲገባ የሚነሳብዎ የጉልበት ቁርጥማት ዘንድሮስ ተሻለዎት? ጋሽ ላቀው እንዴት ሰነበተ? ሥራውስ ደህና ነው? ሚካኤልና ቲጂ ትምህርት ጀመሩ? ደሴስ ብርዱ ገባ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከእናንተ ናፍቆት በቀር አንዳችም አልጎደለብኝም። እጄም፣ እግሬም፣ ፊቴም ደህና ነው። ይህን ከሌላው ሁሉ አስቀድሜ የጻፍኩት ቶሎ አንብበው ልብዎ እንዲያርፍ ብዬ ነው።

በጳጉሜን የጻፉልኝ ደብዳቤ የደረሰኝ ገና ባለፈው ሳምንት ነው። ካምባ የሚያስተምረው መምህር አበጋዝ ለእረፍት ደሴ መጥቶ «እህትዎ የምትሠራበት ክሊኒክ ተቃጥሎ ነበር» ብሎ እንደነገረዎት፣ ከዚያም ሦስት ቀን እህል በአፍዎ እንዳልዞረ ሳነብ ወረቀቱ ከእጄ ሊወድቅ ምንም አልቀረው። «ከባዕድ አፍ የምሰማው ምን በድዬሽ ነው?» ብለዋል። ምንም አልበደሉኝም፣ እትዬ። እናታችን ካረፈች ጀምሮ ያሳደጉኝ እርስዎ ነዎት። የደበቅኩዎት እንዳይጨነቁ ብዬ ነው እላለሁ፤ እውነቱን ለመናገር ግን እፍረትም ነበረብኝ። እንግዲህ አንድም ሳላስቀር ከሥሩ ልንገርዎ።

ክሊኒካችን ከካምባ ከተማ አራት ሰዓት በእግር የሚያስኬድ ተራራ ላይ ያለች፣ ግድግዳዋ ቀርከሃና ጭቃ የሆነ፣ ባለ ሁለት ክፍል ቤት ናት። ስሜ ጤና ረዳት ይባል እንጂ ሐኪሙም፣ አዋላጁም፣ ጠራጊውም እኔው ነኝ። ከሁሉ የሚያስጨንቀኝ የክትባቱ ፍሪጅ ነበር። ኤሌክትሪክ ስለሌለን የሚሠራው በላምባ ሲሆን ከሥሩ እንደ ፋኖስ የሚነድ ክር አለው። እሳት ነድዶ ብርድ ይሠራል ብላቸው የመንደሩ ሰዎች ይስቁብኝ ነበር። ክሩን በየጠዋቱ መቁረጥ፣ ጭሱን መጥረግ፣ ነበልባሉን ማስተካከል የእኔ ሥራ ነው። አፍንጫዬን ስጠርግ ጥላሸት ይወጣ ነበር። ላምባው ከካምባ በበቅሎ ስለሚመጣ ክረምት ላይ መንገዱ ሲበላሽ ያልቅና ክትባቱ ይበላሻል፤ ልጆቻቸውን አዝለው የመጡትን እናቶችም «ሌላ ቀን ኑ» ብዬ እመልሳለሁ።

በ1988 ግንቦት ላይ የክልሉ መንግሥት የኃይል ዕቅድ ሰዎች መጡ። ስብሰባው ዱቡሻ በሚሉት የሽማግሌዎች መሰብሰቢያ ሜዳ ላይ ነበር። ዳግም የሚባል ወጣት መሐንዲስ ተነስቶ፣ ክልሉ በአምስት ዓመት ውስጥ ከገጠር ክሊኒኮች ላምባን አስወጥቶ ፀሐይን ሊያስገባ፣ የናፍጣ ወፍጮዎችን ወንዝ ባለበት በውኃ ሊተካ፣ እንጨት ቆጣቢ ምድጃም ሊያዳርስ ማቀዱን ነገረን። «ጭሱ እዚህ ሳንባችሁን ይጎዳል፤ ከዚያም ወጥቶ የአየሩን ጠባይ ይለውጣል። የእኛ ጭስ ከሌላው አገር ጭስ አንጻር ትንሽ ነው፤ ቢሆንም የድርሻችንን እንቀንስ ብለናል» አለ። ሰዉ በጥሞና ሰማው።

በመጨረሻ ጋሽ ኦይታ ተነሱ። ከአገሩ ሽማግሌዎች ሁሉ የሚከበሩ፣ ቀጭን፣ ረጅም ሰው ናቸው። «ነገሩ መልካም ነው። እዚህ ግን ሐምሌና ነሐሴ ጉሙ ወርዶ ይተኛል፤ ጎረቤትህን አታየውም። ያን ጊዜ ፀሐይህ ከየት ይመጣል?» ብለው ጠየቁ። መሐንዲሱ ባትሪ ጥቂት ቀን እንደሚያቆይ፣ ከዚያ በላይ ግን እርግጠኛ አለመሆኑን ሳይደብቅ ተናገረና ጥያቄውን በደብተሩ ጻፈ። በኅዳር የክሊኒኮቹ ዝርዝር ሲመጣ የእኛ ስም የለበትም። ከጎኑ የተጻፈው ምክንያት ጉም ነበር።

ጋሽ ኦይታ ይህን ሲሰሙ ክሊኒኩ ድረስ መጡ። አማርኛቸው ወንድና ሴት ስለማይለይ ሁልጊዜ አንተ ነው የሚሉኝ። «ሐኪም፣ የእኔ አፍ ነው ያበላሸብህ» አሉኝ። እኔም «አይ ጋሼ፣ የጠየቁት እኮ እውነት ነው» አልኳቸው እንጂ ሆዴ ግን ተቀይሟቸው ነበር።

ቃጠሎው የደረሰው በታኅሣሥ ነው። የገበያ ቀን ነበር። ማለዳ አንዲት ወላድ በቃሬዛ መጣችና ምጡ ስለጠናባት ክሩን ሳልቆርጥ፣ ነበልባሉንም ሳላይ ወደ እሷ ገባሁ። እፍረቴ ይኸው ነው፣ እትዬ። ልጁ በደህና ተወልዶ እትብቱን እያሰርኩ ሳለ የጭስ ሽታ መጣ። ዞር ስል ከፍሪጁ በላይ ያለው ግድግዳ ይነዳል። ልጁን በነጠላዬ ጠቅልዬ በአንድ እጄ ያዝኩ፣ እናቲቱን በብብቷ ይዤ እየጎተትኩ አወጣኋትና ጮህኩ።

ገበያተኛው ሁሉ እየሮጠ መጣ። ምንጩ ከታች ሩቅ ነው፤ ጋሽ ኦይታ «እንሰት ቁረጡ!» ብለው አዘዙ። የእንሰት ግንድ ውኃ የቋጠረ ነው። እየቆረጡ፣ እየሰነጠቁ፣ በእሳቱ ላይ ይከምሩበት ጀመር። የራሳቸውን ጓሮ እንሰት ሁሉ በዚያ ጠዋት አስጨረሱት፤ አንዱ እንሰት እስኪደርስ ስንት ዓመት እንደሚፈጅ እርስዎ ቢያውቁ ኖሮ እንደኔ ያለቅሱ ነበር። አንደኛው ክፍል ተረፈ። ፍሪጁና ክትባቱ ግን ከሰል ሆኑ። ሰው አልሞተም፣ እኔም አልተቃጠልኩም፤ መምህር አበጋዝ የነገረዎት እስከዚህ ድረስ ያለውን ነው።

ያልነገረዎት ከዚያ ወዲያ ያለውን ነው። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ጎረቤት ቀበሌ ኩፍኝ ገባ። ወለቴ የምትባል ሴት የአሥራ አራት ወር ወንድ ልጅ ነበራት። ላምባ ባለቀ ጊዜ ሁለቴ ያለ ክትባት መልሻታለሁ፤ ሦስተኛው ቀጠሮዋ ከቃጠሎው በኋላ በነበረው ሰኞ ላይ ነበር። ልጁ ታመመ፤ ሕመሙ ወደ ሳንባው ወረደበትና በአራተኛው ቀን አረፈ። ከአርባ ምንጭ ክትባት በበረዶ ሳጥን ልከውልኝ አሥር ቀን ሙሉ ከቤት ቤት ዞሬ ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ልጅ ከተብኩ። ሌላ ልጅ አልሞተም። ወለቴ ግን ከዚያ ወዲህ መንገድ ላይ ስታየኝ ዞር ብላ ታልፍ ነበር፤ አልፈርድባትም።

በየካቲት የክልሉ ሰዎች ዕቅዳቸውን ለዞኑ ሊያስረዱ አርባ ምንጭ መጡ ሲባል ጋሽ ኦይታ «እንሂድ» አሉኝ። ከካምባ በጭነት መኪና፣ ጆንያ ላይ ተቀምጠን ወረድን። ሲቀላ በሚባለው የከተማው ሰፈር ያለው አዳራሽ በሹማምንት ተሞልቷል፤ እኔ ከኋላ ቁጭ ብያለሁ። ጋሽ ኦይታ ሳይፈሩ ተነሱና በጋሞኛ ተናገሩ፤ አስተርጓሚ ስላልነበረ፣ ቋንቋውን ለምጄዋለሁና የምተረጉመው እኔው ሆንኩ። «ስለ ጉሙ የጠየቅኩት ነገሩ እንዲሠራ ስለምፈልግ ነው። እናንተ ግን አልፈልግም ያልኩ ይመስል ጉም ብላችሁ ጻፋችሁ። በመሀሉ ልጅ ቀበርን» አሉ። ይህቺን የመጨረሻዋን ቃል በቃል ወደ አማርኛ መለስኳት።

ያ መሐንዲስ ዳግም ከፊት ነበር። ፊቱ ቀልቶ ተነሳና «ጉሙ በረዘመበት ጊዜ ስንት ቀን ፀሐይ ሳታዩ ቆያችሁ?» አላቸው። ጋሽ ኦይታ በጣታቸው ቆጥረው «ዘጠኝ» አሉ። «የእኛ ባትሪ ከአምስት ቀን በላይ አይችልም» አለ። እኔ በልቤ አበቃልን ብያለሁ። ጋሽ ኦይታ ግን «እንግዲያው አራቱን ቀን እኛ እንሸከማለን» አሉ። ምን ማለታቸው እንደሆነ ሲጠየቁ፣ ባትሪው ሊያልቅ ሲል ክትባቱን በበረዶ ሳጥን አድርገው፣ ሰው ተራ ገብቶ፣ ካምባ ጤና ጣቢያ ወዳለው ፍሪጅ እንደሚያወርዱት፣ ጉሙ ሲገለጥም እንደሚመልሱት አስረዱ። መሐንዲሱ ወንበሩ ላይ ተቀመጠና ብዙ ጻፈ። በማግስቱ ስማችን ዝርዝሩ ውስጥ ገባ።

ዕቃው የደረሰው በግንቦት ነው። ከካምባ ወደ ላይ መኪና ስለማይወጣ አሥራ ስድስት ወንዶች የፀሐይ ሰሌዳዎቹን፣ ባትሪዎቹንና ፍሪጁን እንደ በሽተኛ በቃሬዛ ተሸክመው አመጡት። የተቃጠለውንም ክፍል አገሩ ተባብሮ መልሶ ሠራው፤ ጣሪያው አሁን ቆርቆሮ ነው። ዳግም ራሱ መጥቶ ገጠመው። እኔ ግን ክረምቱ እስኪያልፍ ድረስ አላመንኩም ነበር። ሐምሌ መጣ፣ ጉሙም እንደ ልማዱ ወርዶ ተኛ። በአምስተኛው ቀን የፍሪጁ ቀይ መብራት በራ፤ ገና ሳልጣራ ሁለት ሰዎች በር ላይ ቆመው አገኘሁ። በክረምቱ ክትባቱ ሦስት ጊዜ ወደ ካምባ ወረደ፣ ሦስት ጊዜ ተመለሰ። አንዲት ብልቃጥ አልተበላሸችም። እትዬ፣ ከመጣሁ ጀምሮ ያለ ሐሳብ እንቅልፍ የተኛሁት ዘንድሮ ነው። አፍንጫዬም ጥላሸት ማውጣት ተወ።

አሁን የምጽፍልዎ ከአርባ ምንጭ ነው። ተመሳሳይ ፍሪጅ ለሚገባላቸው ክሊኒኮች ሠራተኞች የእኛን ነገር እንድናገር ተጠርቼ ነው የመጣሁት። ከማድርበት ቤት መስኮት የአባያ ሐይቅ ይታያል፤ ከእኛ ጉም በኋላ ይህን ሁሉ ብርሃን ማየት ያስገርማል።

ሳልነግርዎ የማላልፈው አንድ ነገር ደግሞ አለ። መስከረም ሃያ ቀን እናቶች ልጅ ሊያስከትቡ ተሰልፈው ሳለ ከሰልፉ መጨረሻ ወለቴን አየኋት። በሰኔ ሴት ልጅ ወልዳ ነበር። ተራዋ ሲደርስ ሕፃኗን አልሰጠችኝም፤ አልፋኝ ሄዳ ፍሪጁን ዙሪያውን አየችው። ጎንበስ ብላ ከሥሩም ተመለከተች። «ይህኛው አይነድም?» አለችኝ። «አይነድም» አልኳት። መዳፏን በጎኑ ላይ አድርጋ ትንሽ ቆየች። ከዚያ ሕፃኗን ጭኔ ላይ አስቀመጠችልኝ። ስወጋት ልጅቷ አለቀሰች፣ እናቷም አለቀሰች፣ እኔም መርፌውን እስካስቀምጥ ድረስ ብቻ ነው የቻልኩት። ዓይኗን ጠረገችና «የሚቀጥለውን ቀን ጻፊልኝ» አለችኝ። ጥቅምት አሥራ ስምንት ብዬ ጻፍኩላት።

እንግዲህ ወደ ደሴ እንዲያዘዋውረኝ ያነጋገሩትን ሰው ያመስግኑልኝና ለጊዜው ይቆይ ይበሉልኝ። ለትንሣኤ ፈቃድ ጠይቄ እመጣለሁ፤ ያኔ ፊቴን አገላብጠው ያዩታል። ከነገ ወዲያ ግን ወደ ተራራው እመለሳለሁ፤ ለአሥራ ስምንት መድረስ አለብኝ።

ጋሽ ላቀውን በብዙው ሰላም ይበሉልኝ፤ ያ የሰጠኝ ካፖርት ክረምቱን እንዳወጣኝ ይንገሩልኝ። ሚካኤልን ይሳሙልኝ፤ ሒሳቡን እንዳይሰንፍ። ቲጂን ሁለት ጊዜ ይሳሙልኝ፤ ደብዳቤው ግርጌ የሣለችልኝ ዶሮ አዲሱ ግድግዳ ላይ ትሰቀላለች። ጎረቤቶቻችንንም በየስማቸው ሰላም ይበሉልኝ። እርስዎም ይብሉ፣ ይተኙ፤ እኔ ደህና ነኝ።

የምትወድዎ ታናሽ እህትዎ ሉሊት

አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ
ጥቅምት 9 ቀን 1990 ዓ.ም.