ከነሥሩ የነቀልኩት አተር

ውድ ታናሽ ወንድሜ፣

ይህ የምታነበው የራሴ የእጅ ጽሑፍ ነው። ማንም አልጻፈልኝም፣ ማንም እጄን አልያዘኝም። የማታ የአማርኛ ትምህርት ከጀመርኩ ገና ዓመት አልሞላኝም፤ መምህራችን ግን ፊደሌን አይታ ዝም አለች። ዝም ያሰኛት ውበቱ ነው ብዬ ይዤዋለሁ። ደብዳቤ በሰላምታ ይጀመራል ብላ አስተምራናለች። እኛ ቤት ግን የሚተርፍ ሰላምታ የለም፤ አንተ በደወልክ ቁጥር ባለቤቴና ልጄ ተሻምተው ይጨርሱታል። ስልኩ እኔ እጅ ሲደርስ የሚቀረው «በል እንግዲህ፣ ቻው» የምትለው ብቻ ነው። ደብዳቤ የመረጥኩት ለዚህ ነው። ከእጄ የሚነጥቀኝ የለም።

የጠየቅከኝን አልረሳሁም። «ጋሼ፣ መጥቼ ከእናንተ ጋር ብኖር ምን ይመስልሃል?» ስትለኝ፣ መስመሩ ተቆራረጠ ብዬ ዘጋሁት። መስመሩ እንደ መስተዋት የጠራ ነበር። መልሴን ከመስጠቴ በፊት ግን የእሑዱን ጉድ ስማ።

እዚህ ባዕድ አገር ሰው ቤተሰቡን ይዞ እርሻ ይሄዳል። ባለእርሻው አትክልቱን ያበቅላል፤ አንተ ሄደህ በገዛ እጅህ ትለቅምና አስመዝነህ ከፍለህ ትወስዳለህ። ጉልበትህን ሰጥተህ ደግሞ ትከፍላለህ። ይህን ያሰበው ሰው እጅግ ብልህ ነው። ወሬውን ከሥራ ቦታዋ ያመጣችው ባለቤቴ ናት። «ልጅቷ ካሮት ከመሬት ሲወጣ ትይ» አለች። እኔም ደረቴን ነፋሁ። ልብስ ማጠቢያ ቤት የሆቴል አንሶላ እየተኮስኩ፣ ሳምንቱን ሙሉ ለሥራ ጓደኞቼ «እኔ ያረስኩት መሬት» እያልኩ አወራሁ። አንተ ያረስከውን ማለቴ ነው። እኔ የገበያ ሰው ነበርኩ፤ አንተ ታበቅላለህ፣ እኔ እሸጣለሁ። ይህን ግን አንሶላ ተኳሽ ሁሉ ማወቅ አይጠበቅበትም።

አውቶቡስ ውስጥ ልጄን፣ ስለ አትክልት የፈለግሽውን ጠይቂኝ አልኳት።

«ጎመን ውሃ ሲበዛበት ምን ይሆናል?» አለች።

«ይጠግባል።»

«አጎቴ ግን ሥሩ ይበሰብሳል ብሎኛል።»

ቃሪያ ናት እንግዲህ። ቃሪያ የሚለውን ስም ያወጣህላት አንተ ነህ፤ ያውም በስልክ፣ በአካል እንኳ ሳታያት። እኔ ስንት አስቤ ስንት ተጨንቄ ያወጣሁላት ስም ትምህርት ቤት መዝገብ ላይ ቀርቷል። ቤት ውስጥ በእሱ ብጠራት ዞር አትልም። አንተ በስልክ «ቃሪያዬ» ስትል ግን ሽንት ቤት ብትሆን እንኳ እየሮጠች ትመጣለች። እኔ ደግሞ ስልኩን ይዤላት እቆማለሁ፣ እንደ ግድግዳ።

እርሻው ደረስን። ካሮቱ፣ ሰላጣው፣ ቲማቲሙ በየረድፉ ተተክሏል፤ ዳር ላይ ደግሞ በገመድ ላይ የወጣ አተር አለ። ባለቤቴ ይህን አይታ ምን አለች መሰለህ?

«ወንድምህ ይህን ቢያይ።»

እኔ አጠገቧ ቆሜያለሁ። ቅርጫት ይዣለሁ። አዲስ ቦት ጫማ አድርጌያለሁ። እሷን የሚያሳስባት ባሕር ማዶ፣ አገር ቤት ያለው ሰው ነው።

«ባልሽም እያየው ነው» አልኳት።

«አንተማ ታያለህ። እሱ ግን ይገባዋል።»

ከዚህ በኋላ አጎንብሶ ካሮት መልቀም አልሆነልኝም። ቀጥ ብዬ ወደ አተሩ ሄድኩ። እሸት አይደል? እሸት እኛ ዘንድ እንዴት ነው የሚነሳው? ከነሥሩ ትነቅላለህ፣ አፈሩን ታራግፋለህ፣ እቅፍ አድርገህ ትሄዳለህ። እኔም እንደዚያው አደረግሁ። ጠበቅ አድርጌ ይዤ ስጎትተው ገመዱም እንጨቱም አብሮ መጣ። ግማሹን ረድፍ ታቅፌ ዞር ስል ባለእርሻው እየሮጠ ይመጣል። ሽማግሌ ነው፤ ሩጫው ግን የሽማግሌ አልነበረም። ደርሶ ረጅም ንግግር አደረገ። የሰውየውን ቋንቋ ከእኔ ይልቅ ልጄ ትሰማዋለች።

«ምን ይላል?» አልኳት።

«ብዙ ነው፣ አባዬ።»

«አሳጥረሽ ንገሪኝ።»

«ተው ነው የሚለው። የሚለቀመው ፍሬ ፍሬው ብቻ ነው። ተክሉ ገና ብዙ ያፈራ ነበር አለ።»

የመጣው ሰው ሁሉ ቅርጫቱን አስቀምጦ ያየኛል። ልጄ አንገቷን ደፋች። በእኔ ማፈሯ ገባኝ። ከዚያ የእናቷን ስልክ ወስዳ ላንተ ደወለች፤ ቪዲዮውን ከፍታ የነቀልኩትን አተር ከጫፍ እስከ ጫፍ አሳየችህ። አሁን ይስቃል አልኩ። ብትስቅ እንዴት ደስ ባለኝ። ዕድሜ ልኬን የምይዝብህ ነገር አገኝ ነበር።

አንተ ግን አልሳቅህም።

«አባትሽ ልክ ነው» አልካት። «እኛ ጋ እሸት እንዲህ ነው የሚነቀለው። እኔንም ያስተማረኝ እሱ ነው። ለሰውየው እንዲህ ብለሽ ንገሪልኝ።»

እኔ አላስተማርኩህም። አንተ ስትነቅል እኔ ዛፍ ጥላ ሥር ጆንያ ይዤ ነበር የምጠብቅህ። ይህን ሁለታችንም እናውቃለን። ልጄ ግን ቀና ብላ አየችኝና ለሰውየው ነገረችው። ሰውየውም እሺ በሚል ራሱን ነቀነቀ፤ የነቀልኩትን በሙሉ ግን ከማስመዘን አላዳነኝም። ስንመለስ እጄን ይዛ፣ «አጎቴን ያስተማርከው አንተ ነህ እንዴ?» አለችኝ።

«ምን ያላስተማርኩት አለ» አልኳት።

የዚያን ዕለት የቀናሁብህን ያህል ቀንቼብህ አላውቅም። ድሮም በእርሻህ ቀንቻለሁ፣ በእጅህ ቀንቻለሁ፣ በስም አወጣጥህ ሳይቀር ቀንቻለሁ። ይህኛው ግን ባሰብኝ። ልጄ ፊት ቀና ያደረገኝ ሰው አንተ ሆንክ። እጄን ይዛ ስትሄድ የያዘችው አንተ የሰጠሃትን አባት መሰለኝ፤ ደስታዬን እንኳ ካንተ ጋር ተካፈልኩት።

እንግዲህ ወደ መልሴ ልምጣ። ብትመጣ የሚሆነውን አውቀዋለሁ። ቃሪያ ከትምህርት ቤት ስትመለስ አጠገቤ አልፋ ወዳንተ ትሮጣለች። ባለቤቴ ቲማቲም ስትገዛ አንተን ታማክራለች። እናንተ ስትስቁ እኔ ሶፋው ጥግ ሆኜ «ምን ተባለ?» እላለሁ። ይህን እያሰብኩ እስክርቢቶዬን ስንቴ አስቀምጬ አነሳሁት።

ግን ከነቀልኳቸው አንዷን፣ ሥሯ ደህና የሆነችውን፣ ባልዲ ውስጥ ተክያት በረንዳ ላይ አለች። ቅጠሏ እየጠወለገ ነው። ቃሪያ «አጎቴን ልጠይቀው?» ስትል አይሆንም አልኳት። የምጠይቅህ እኔ ነኝ፣ በገዛ ጽሑፌ። ውሃ ላብዛላት ወይስ ልቀንስባት? የምትወደው ጥላ ነው ፀሐይ? ይህ ደብዳቤ ደርሶህ መልስህ እስኪመጣ አተሯ እንደማትቆየኝ አውቃለሁ። ስለዚህ መልስ አትጻፍልኝ። ና።

አተሯ ብትደርቅም ባልዲው አፈሩን እንደያዘ ይጠብቅሃል። የምትተክለው አንተ ነህ። ውሃ የማጠጣው ግን እኔ ነኝ፤ ልጄ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ባልዲው አጠገብ ቆሜ መገኘት እፈልጋለሁ። በዚህ አልደራደርም።

እስከዚያው ስትደውል ለእነሱ ምንም እንዳትተነፍስ። ና ብዬ የጠራሁህ እኔ መሆኔን የምነግራቸው እኔ ነኝ።

ታላቅ ወንድምህ፣
ጆንያ ያዡ