ከደብዳቤዎቹ ያስቀረሁት ቃልሽ

የሺዬ፣

ከተለየሽኝ ዛሬ አሥራ አንድ ወር ከዘጠኝ ቀን ሆነ። ሙት ዓመትሽ ሲደርስ ልጽፍልሽ ነበር ያሰብኩት፤ ሁሉን በጊዜው ማድረግ እንደምወድ ታውቂያለሽ። ግን መጠበቅ አልቻልኩም። ልጃችን መጥታለች። ዛሬ ረቡዕ ነው፣ እሑድ ትመለሳለች። ከዚያ በፊት መጨረስ ያለብኝ ሥራ አለ፤ ሥራው ደግሞ ያላንቺ አይሆንም።

አስቀድሜ የቤቱን ልንገርሽ። የማድ ቤቱን ጣራ አስቀይሬያለሁ፣ አሁን አያፈስም። የለቡ ሚኒባስ በበራችን ፊት ማለፍ ጀምሯል፤ ረዳቱ ከንጋት ጀምሮ "ለቡ! ለቡ!" እያለ ይጮሃል። ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ፉሪ በእግር ስንሄድ የምናቋርጠው ሜዳ አሸዋና ድንጋይ ተራግፎበታል፣ ቤት ሊሠራበት ነው። ጎረቤታችን ዘነቡ እንደ ድሮዋ ናት፣ የሰውን ቤት ከራሷ አብልጣ ታውቃለች። ቀኝ ጉልበቴ ያመኛል። ሌላ ለውጥ የለም ልልሽ ነበር፣ ግን ውሸት ይሆናል።

በታኅሣሥ መጀመሪያ ከሮማን ደብዳቤ መጣ። አሥር ቀን ልትቆይ እንደምትመጣ ጻፈች። በእንግሊዝኛ የጻፈችው ነው፤ መጨረሻው ላይ እንዲህ ይላል፦ "አጎቴ፣ አባቴና እናቴ የተቀበሩበትን ቦታ አሳየኝ። ሻማ ማብራት እፈልጋለሁ።"

ይህን ወረቀት ሌላ ሰው ቢያነበው እንዲገባው ነገሩን ከመነሻው ልጻፈው። አንቺ ታገሺኝ።

ጦርነቱ ወደ ምሥራቅ ሲገባ እኔና አንቺ ያን ጊዜ በምናስተምርባት ትንሽ ከተማ ነበርን። መድፉ ትምህርት ቤቱን ከመታ በኋላ የውጭ አገር በጎ አድራጊዎች መጡ። ጦርነቱ እስኪያልፍ ልጆችን ወስደው አውሮፓ ውስጥ በሰው ቤት ሊያሳድጉ ነው ተባለ። የሚወስዱት ግን አባትና እናት የሞቱበትን ልጅ ብቻ ነበር። ልጃችን ሮማን አምስት ዓመት ከስምንት ወሯ ነበር። ከተማሪዎቼ መካከል በገዛ እጄ የቀበርኳቸው ነበሩ። ስለዚህ ወስኜ በመዝገቡ ላይ አጎቷ ነኝ አልኩ፤ አንቺንም አክስቷ አደረግሁሽ።

ቀጥሎ የሠራሁት ነው ዛሬም እንቅልፍ የሚነሳኝ። ልጅ ስለሆነች እንዳትሳሳት አስጠናኋት። ሦስት ቀን ሙሉ ባዶ ክፍል ውስጥ አስቀምጬ ጠየቅኋት። "አባትሽስ?" "ሞቷል።" "እናትሽስ?" "ሞታለች።" "እኔ ማን ነኝ?" በመጀመሪያው ቀን "አባዬ" ብላ ሳቀች። በሁለተኛው ቀን አለቀሰች። በሦስተኛው ቀን አንድም ሳትሳሳት መለሰች። እኔም እንደ ልማዴ "ጎበዝ!" ብዬ ቀይ ጠመኔ ሸለምኳት። አንቺ ከክፍሉ ወጣሽ። መኪናው ሲነሳም እንደ አክስት እጅሽን እያወዛወዝሽ ሸኘሻት፤ እንዳታቅፊያት የከለከልኩሽ እኔ ነኝ።

ስዊድን ያሳደጓት ሰዎች ደጎች ናቸው፣ በዚህ እግዜር ይስጣቸው። ጦርነቱ አለፈ፣ እኛም ወደ አዲስ አበባ ተዛወርን፣ ላፍቶ ይህችን ቤት ሠራን። በየዓመቱ ለእንቁጣጣሽ አንድ ደብዳቤ፣ በጠቅላላው አሥራ ስምንት ደብዳቤ በእንግሊዝኛ ጻፍኩላት። አንቺ ነጭ ሽንኩርትሽን እየላጥሽ ትነግሪኛለሽ፣ እኔ አበጥራለሁ። "ይሄ ከአክስት አይጠበቅም" እያልኩ ግማሹን እተወዋለሁ። ሁልጊዜም መጨረሻ ላይ "ዘንድሮ እውነቱን ጻፍላት" ትይኛለሽ። እኔ ደግሞ ስምንተኛን ትጨርስ፣ አሥራ ሁለተኛን ትጨርስ፣ ዩኒቨርሲቲ ትግባ እላለሁ። በመጀመሪያ ያሳደጓት ሰዎች እንደ አታላይ ያዩናል ብዬ ፈርቼ ነበር። በኋላ ግን ምን እንደምፈራም አላውቅም። ሰው ሁሉ ትዕግሥቴን ያመሰግናል። አንቺ ግን አንድ ቀን "ያንተ ትዕግሥት ፈሪ ነው" አልሽኝ።

እና መልሱን ሳትሰሚ ሄድሽ።

ሮማን እስክትመጣ ሦስት ሳምንት ቆሜ ከረምኩ ማለት ይቻላል። እስከ ሚኒባሱ ማቆሚያ ሄጄ ያለ ምክንያት እመለሳለሁ። ዘነቡ በአጥር ላይ አንገቷን አውጥታ "መምህር፣ ምን ሆነዋል? እንቁላሏን የምትጥልበት እንደጠፋባት ዶሮ ይዞራሉ!" አለችኝ። ለሮማን የምነግራትን ንግግር ሰባት ጊዜ ጻፍኩ፣ ሰባቱንም አረምኩ።

ሮማን ሐሙስ ዕለት ደረሰች። ቁመቷ ከእኔ ይበልጣል። አማርኛዋን አብዛኛውን ረስታዋለች፤ እዚያ ካሉ ሐበሾች የለቀመችው አለ። በሩ ላይ ስትስቅ የፊት ጥርሷን ፍንጭት አየሁ፤ ያንቺው ነው። ዘነቡም አይታ ዝም አላለችም፦ "ኧረ በስመአብ! ይቺ የእህት ልጅ ናት? ይቺማ ራሷ የሺ ናት እንጂ!" እኔ ግን "አዎ፣ የእህት ልጅ ናት" አልኩ። አሁንም ቢሆን አልኩ፣ የሺዬ።

በማግስቱ ጠዋት ወደ መቃብርሽ ወሰድኳት። ንግግሩ ኪሴ ውስጥ ነበር። ሐውልቱ ላይ ስምሽን ፊደል በፊደል አነበበችና "ይሄ የአክስቴ ነው። የእናቴ የት ነው?" አለች። ወረቀቱን ማውጣት አቃተኝ። "ይሄ ነው" አልኳት። "አባቴስ?" እጄን ደረቴ ላይ አደረግኩ።

ከዚያ ሐውልቱ ላይ ያለውን ቀን እያየች በጣቶቿ ቆጠረች። "አምና?" "አምና።" በአማርኛም በእንግሊዝኛም እየቀላቀለች የተናገረችውን እንዳለ ልጻፍልሽ፦ "እኔ አስታውስ ነበር። ደብዳቤው 'አጎትሽ' ሲል፣ የኔ ማስታወስ ስህተት ነው አልኩ። ትንሽ ልጅ የፈጠረችው ነው አልኩ። አሥራ ስምንት ዓመት።" አልጮኸችም። ጥላኝ ሄደች። ያደረችበትን አልጋ ትታ ጎፋ አንድ ፔንሲዮን ያዘች።

ሁለት ቀን አልተመለሰችም። ሁለቱን ቀን ሙሉ አልተቀመጥኩም። በሁለተኛው ቀን ዘነቡ መጥታ ብትጠይቀኝ ሁሉንም ነገርኳት። መጀመሪያ አለቀሰች፤ ከዚያ ተቆጣችኝ። የተቆጣችኝ ግን እኔ እንዳሰብኩት በውሸቱ አልነበረም። "ብቻዎን? ልጅቷን ብቻዋን መቃብር ላይ አቁመው አረዷት? ሰው እንዲህ ይረዳል? የሚደግፋት ሳይኖር፣ የሚያለቅስላት ሳይኖር!" የዕድራችን ሰብሳቢም ሲሰሙ ራሳቸውን ነቀነቁ፦ "መምህር፣ ሠላሳ አራት ዓመት የሰው ልጅ ሲያስተምሩ መርዶ እንዴት እንደሚነገር አልተማሩም?"

እውነታቸውን ነው። ስንት ሰው ለማርዳት አብሬ ሄጃለሁ። ንጋት ላይ እንደሚኬድ፣ ብዙ ሆኖ እንደሚኬድ፣ የቅርብ ሰው ከሐዘንተኛው አጠገብ እንደሚቀመጥ አውቃለሁ። ለራሴ ልጅ ስነግራት ግን የቤት ሥራ እንደሚመልስ ተማሪ ሆንኩ፤ መልሱን ሰጥቼ የጨረስኩ መሰለኝ።

ሰኞ ንጋት ላይ አሥራ ሦስት ሆነን ጎፋ ሄድን፤ ሴቶቹ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው፣ እኛ ከኋላ። የፔንሲዮኑ ዘበኛ ደንግጦ "ምንድን ነው እናቶቼ፣ ጠብ ነው ሽምግልና?" አለ። ዘነቡ "መርዶ ነው፣ ክፈት!" አለችው፤ እሱም ኮፍያውን አውልቆ ከፈተ። ሮማን በሩን ስትከፍት ምንም አልገባትም። ዘነቡ ግራና ቀኝ ትከሻዋን ይዛ፣ እንደ ሥርዓቱ፣ "የኔ ልጅ፣ እናትሽ የሺ ዐርፋለች" አለቻት። ልጅቷ የምታውቀውን ነገር ገና እንደሰማች ሆነች። ሴቶቹ አቅፈው ያዟት። አንዷ ወለሉ ላይ ጋቢ አነጠፈች። እያንዳንዷ ስላንቺ አንድ አንድ ነገር እያነሳች አለቀሰች፤ ገበያ እንዴት እንደምትከራከሪ፣ በእርግዝና ታማ የተኛችን ጎረቤት እንዴት እንዳጠብሽ፣ ሲቆጡሽ እንዴት እንደምትስቂ። ሮማን ግማሹ አልገባትም፤ ሁሉንም ግን ሰማች። "እግዜር ያጥናሽ" ሲሏት አንገቷን ዝቅ እያደረገች ተቀበለች። እኔን አላየችኝም።

ትናንት እዚህ ቤት መጣች። ተቀመጠች፣ ሻይ ጠጣች። የደብዳቤዎቹን ቅጂ አስቀምጬ እንደሆነ ጠየቀችኝ፤ አሥራ ስምንቱም በፋይል ውስጥ በቅደም ተከተል አሉ። አንድ በአንድ አገላበጠቻቸውና "ይሄ ያንተ ነው። እኔ እሷ ያለችውን እፈልጋለሁ። ያልጻፍከውን" አለች። ከእኔ የምትፈልገው ይህንን ብቻ ነው። እሑድ ይዛው ትሄዳለች።

ስለዚህ ከትናንት ጀምሮ በእያንዳንዱ ደብዳቤ ጠርዝ ላይ ያስቀረሁትን እየጻፍኩ ነው። የመጀመሪያው ላይ፦ "ጨለማ እንደምትፈራ ለሰዎቹ ንገራቸው።" አራተኛው ላይ፦ "ፀጉሯን ማን ነው የሚሠራላት?" ዘጠነኛው ላይ ፎቶዋ ደርሶን፦ "ጥርሷ የኔ ነው፣ ሐኪም እንዳያስተካክለው በላት።" አሥራ ሁለተኛው ዓመት ምንም አላልሽም፣ እጅሽን ወረቀቱ ላይ ብቻ አሳረፍሽ፤ እሱንም እንደዚያው ጻፍኩት። የመጨረሻው ላይ ድምፅሽ ደክሞ፦ "እናትሽ ነኝ በላት። ሌላ ምንም አትጻፍ።" እኔ ግን ስለ ዝናቡ ጻፍኩ።

ስድስተኛው ላይ ያልሽው ጠፋብኝ። ያን ዓመት ብዙ ተናግረሽ ነበር፣ መናገርሽን አስታውሳለሁ፣ ቃሉ ግን አልመጣ አለኝ። ከጠዋት ጀምሮ እነሳለሁ፣ እቀመጣለሁ፣ ነጭ ሽንኩርት እንኳ ልጬ አየሁ። እስከ እሑድ እፈልገዋለሁ። ካልመጣም ጠርዙን ባዶ ትቼ "እናትሽ ተናግራለች፣ እኔ ረስቻለሁ" ብዬ እጽፋለሁ፤ በኋላ ትዝ ባለኝ ቀን እልክላታለሁ፣ በሽምግልናዬ ማብቂያም ቢሆን። ያላልሽውን አልጨምርም። ያልሽውንም ከእንግዲህ አላስቀርም።

ባለቤትሽ ታደሰ፣
የሮማን አባት