ግማሽ ቀለም ለአዴር ሙሴ

ሰኞ፣ የካቲት 3፣ ጠዋት 2:30
ማሽኑ እየሞቀ ነው። መብራት ሁለቴ ሄዶ መጣ። የዛሬው ታካሚ አዴር ሙሴ፣ የሀርሺን ከብት ነጋዴ። «አዴር» ስላቸው፣ አጎቴ ማለቴ ነው፣ ፊታቸው ይፈካል። የልብ ቫልቫቸው ጠቧል፤ አ.አ. ሄደው ሊቀየርላቸው ነው። መጀመሪያ የልብ ሲቲ ስካን ምስል ግድ ይላል። ኩላሊታቸው ግን ደካማ ነው፤ በደም ሥር የምንሰጠው ቀለም ጭራሽ ሊጥለው ይችላል። ኩላሊቱ ከወደቀ ቫልቩም ቀረ። ዶ/ር ቀለሙን በግማሽ ቀንሺ ብሎኛል። በግማሽ! ምስሉ ከደበዘዘ ድጋሚ መስጠት ነው፤ ያኔ ጉድ ፈላ። ደብተሬ፣ ልገባ ነው።

ሰኞ፣ 9 ሰዓት
ተሳካ! ቀለሙ ልብ ሲደርስ ሰከንዷን ጠብቄ ያዝኳት። ጥርት ያለ ምስል። እሰይ፣ እኔ ነኝ ያለ ይምጣ! ሲወጡ ሦስት ትልልቅ ጠርሙስ የታሸገ ውሃ አስያዝኳቸው፣ እስከ ነገ ጉንጭ ጉንጭ እንዲሉ፣ ቀለሙ ታጥቦ እንዲወጣ። መረቁኝ። ረቡዕ ለደም ምርመራ ይመለሳሉ።

ረቡዕ፣ የካቲት 5
አልመጡም። ስልክ አይነሳም። ዶ/ር መንገዱ ይሆናል አለ። ይሁን። ነገ እንደገና እደውላለሁ።

ሐሙስ፣ የካቲት 6
መጡ፣ ፊታቸው አባብጦ። ደም ሰጡ። ልጃቸውን ሆዳንን ውሃውን ጠጡ ወይ አልኳት። ሳቀችብኝ። የዝናብ ውሃ የሚጠራቀምበት ቢርካቸው ደርቋል፤ የውሃ ቦቴ ከመጣ ሳምንት አልፏል። ሦስቱንም ሳይከፍቱ ይዘው ገቡ፣ ለልጅ ልጆቻቸው አከፋፈሉት። ሕፃን እየተጠማ ሽማግሌ ይጠጣል እንዴ? አለችኝ። ወይ እኔ! በቀለሙ ስኩራራ ውሃ ወደሌለበት ቤት ሰደድኳቸው። እዚሁ አስተኝቼ ማጠጣት ነበረብኝ።

ሐሙስ፣ 11 ሰዓት
ውጤቱ መጣ። ኩላሊታቸው ወድቋል። ሄደዋል! የሀርሺን መኪና እንዳያመልጣቸው ብለው ሳይጠብቁ ሄደዋል። የማንም ስልክ አይሠራም።

ዓርብ፣ የካቲት 7፣ ጠዋት 12 ሰዓት
ሆዳን ኔትወርክ ፍለጋ ኮረብታ ወጥታ ደወለች። ሽንት ከትናንት ጀምሮ የለም። እንቅልፍ፣ እንቅልፍ ብቻ። እሷን በሟች እናቷ ስም ጠሯት። አምቡላንስ እንዲወጣ ጠየቅኩ።

ዶ/ር መዝገቡ ላይ ታካሚው ምክር አልተቀበሉም ብለሽ ጻፊ አለኝ። ለራስሽ ብዬ ነው አለ። አልጽፍም። ውሃ ይኑራቸው አይኑራቸው ሳልጠይቅ ሸኘኋቸው ብዬ ጽፌ ፈረምኩ። ያሻቸውን ያድርጉኝ።

አምቡላንሱ ሞተር አስነስቷል፣ አብሬ እሄዳለሁ። ሆዳን እንደገና እየደወለች ነው። ቆይ፣ ላንሳው።