በወንፈል ያበራነውን መብራት ስላስቆረጡልን

ይድረስ ለተከበሩ የአካባቢያችን ኢነርጂ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፤

ማክሰኞ ሲመሻሽ ሠራተኛዎ ሽቦውን በፒንሳ ሲቆርጠው፣ ታየች የምትባል ጎረቤቴ ጤና ኬላው ውስጥ ምጥ ላይ ነበረች። እኔም በዚያች ቅጽበት ስለ ጤንነትዎ አሰብሁ። እግዚአብሔር ይጠብቅዎ፤ ሕመም እንኳ ቢያገኝዎ በቀን ያድርግልዎ፤ ሲመሽ የሚታከሙበት ክፍል አይታይም።

ሂዊ ዓለምነው እባላለሁ፤ ደብረ ማርቆስ ኤሌክትሪክ ምህንድስና ተምሬ ወደ መንደሬ የተመለስሁ ነኝ። ስለተደረገልን ሁሉ በተራ ላመስግን።

፩ኛ፦ ምሰሶ ስለተከሉልን እናመሰግናለን። ሽቦ ባይዘረጋበትም በቅሎ ይታሰርበታል።

፪ኛ፦ የምንሠራውን ከእኛ በላይ ስላወቁልን እናመሰግናለን። የጮቄ ጉም ታች ያለነውን ሲሸፍነን ኮረብታው ላይ ያለው የመሪጌታ ወልደ ሩፋኤል ሶላር ፀሐይ ይጠግባል። የእሳቸው ባትሪ ሲሞላ ትርፉ በሽቦ ወደ እኛ ባዶ ባትሪዎች ይወርዳል፤ ሲጎድልባቸው ደግሞ የእኛ ይወጣላቸዋል። የሞላውን ቤት ከጎደለው የሚለየውን መቆጣጠሪያ የሠራሁት እኔ ነኝ፤ ጤና ኬላውም የሚበራው ከዚሁ መስመር ነው። በወንፈል እንደምናርስና እንደምናጭድ ሁሉ መብራቱንም ወንፈል አደረግነው። የእርስዎ ደብዳቤ ግን «ያለ ፈቃድ የኤሌክትሪክ ሽያጭ» ይለዋል። ሠራተኛዎ በስንት እንደምንሸጥ ሲጠይቅ፣ መሪጌታ ጎረቤት ያጨደላቸውን ገብስ በስንት ብር እንዳሳጨዱ እንዲነግራቸው ጠየቁት፤ እሱም ይህ በመመሪያው የለም አለ።

፫ኛ፦ ይህንን በምስጋና ልጽፈው ሞክሬ እጄ እምቢ አለኝ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ የብርጓል ወደ ደጅ ብቅ ብላ ውስጥ የምታምጥ ሴት እንዳለች፣ ጥቂት እንዲታገሥ ለመነችው፤ ትእዛዙ «ወዲያውኑ» ይላልና ቆረጠው። ሕፃኑ በስልክ መብራት ተወለደ። ታየች ደም ሲፈስሳት የብርጓል ከየት እንደሚፈስስ ማየት አልቻለችም። በቃሬዛ ተሸክመን ሮብ ገበያ ከተማ ጤና ጣቢያ አደረስናት። ተርፋለች፤ መትረፏን በሩብ ዓመት ሪፖርትዎ ውስጥ እንዳያስገቡት አደራ።

በጨለማ የመጻፍ ዕድል ስለሰጡኝ ከምስጋና ጋር፣ ጊዜዎን ስላባከንሁ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣
አክባሪዎ ሂዊ ዓለምነው
ከጮቄ ሥር፣ መስከረም 2007 ዓ.ም.

ይድረስልኝ ብዬ የጨመርሁት፦ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሽቦውን በቀን፣ ሰው ሁሉ እያየ እንቀጥለዋለን። የፈቃድ ማመልከቻዬ ጠረጴዛዎ ላይ ከርሟል፤ ጉድለት ካለው ያሳዩኝ፣ አስተካክላለሁ፤ ከሌለው ይፈርሙበት። ውስጥ ማን እንደተኛ ገብቶ ሳያይ መብራት የሚያጠፋ ትእዛዝ ግን፣ ማኅተሙ የቱንም ያህል ቢያምር፣ ከእንግዲህ አልቀበልም።